መቀናጆ ራም፦ ሁለት ጤነኛ ራሞች አንድ ኮምፒውተር ላይ ለምን ይጣላሉ?

«ራም ጨመርኩበት፤ ከዚያ ወዲህ ነው ያበደው።» ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ሁሉ ይህን አቤቱታ ያውቀዋል። ማሽኑ 8 ጂቢ ራም ነበረው። ባለቤቱ ሌላ 8 ጂቢ ገዝቶ አስገጠመ። ሱቁ ውስጥ ሲከፈት 16 ጂቢ አሳየ፤ ሒሳብ ተከፈለ። በሦስተኛው ቀን ሰማያዊ ስክሪን መጣ። ከዚያ በራሱ ሪስታርት ማድረግ ጀመረ። አንዳንዴ ሁለት ቀን ደህና ይሰነብትና ልክ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ ስታክ ያደርጋል።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ሐኪም ይሆናል። አንዱ ቫይረስ ነው ይላል። ሌላው ዊንዶውሱ ስለተበላሸ ፎርማት ይደረግ ይላል። ሦስተኛው በመብራት ያሳብባል። ሻጩ ደግሞ «ራሙ ደህና ነው፣ እኔ ጋ ሠርቷል» ብሎ ይምላል። የሚገርመው ነገር፣ ሻጩ እውነቱን ሊሆን ይችላል። አዲሱ ራም ደህና ነው። አሮጌውም ደህና ነው። ያልሠራው ጥምረታቸው ነው።

ገበሬ ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቀዋል። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው ተራ በተራ ያርሳሉ፤ መቀናጆ ይባላል። ሁለቱም በሬዎች ጠንካራ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን አንዱ ፈጣን፣ ሌላው ዝግ ያለ ከሆነ ቀንበሩ ይጣመማል፣ ፈሩም ይንሻፈፋል። ከተለያየ ቦታ የተገዙ ራሞችን አንድ ማሽን ላይ መግጠም ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ሰው ለምን ይቀላቅላል?

ቀላሉ መልስ ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ራም አገር ውስጥ አይመረትም። እያንዳንዱ ፍሬ በዶላር ይገባል።

በዚህ ላይ የዓለም ገበያው ራሱ ጠበበ። የራም ቺፕ በብዛት የሚያመርቱት ሦስት ኩባንያዎች ናቸው፤ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስ እና ማይክሮን። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያንቀሳቅሱት ግዙፍ የመረጃ ማዕከላት ሜሞሪ በገፍ ስለሚፈልጉ የፋብሪካው አቅም ወደዚያ አዘነበለ። ዋጋው በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በከፍተኛ ፍጥነት ወጣ። ማይክሮን ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ክሩሻል በሚል ስም ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጠውን ምርት እንደሚያቆም አስታወቀ። አንድ አምራች ከሱቅ መደርደሪያ ሲወጣ የቀሩት ዋጋ ለመቀነስ አይቸኩሉም።

በመሀል ደግሞ ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ወደ ዊንዶውስ 11 የተሻገረ ሰው 4 ጂቢ በወረቀት ላይ እንደሚበቃ፣ በተግባር ግን ብራውዘር እንኳ እንደሚጎተት ቶሎ ያየዋል። ስለዚህ ራም መጨመር የግድ ይሆናል። ሙሉ አዲስ ጥንድ ከመግዛት ደግሞ ያለውን ይዞ አንድ ፍሬ መጨመር ይቀላል። ለዚያውም አዲስ አበባ ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሐዋሳ ላይ ያለ ሰው «ትክክለኛውን ሞዴል ፈልጌ እመለሳለሁ» አይልም። ከፊቱ ያለውን ይገዛል። ዶላሩ እስኪረክስ፣ ዕቃው እስኪገባ ይጠብቅ ማለትም አይቻልም።

ኪት ሲባል ምን ማለት ነው?

ራም ማለት ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ሳለ መረጃ የሚያስቀምጥበት ጊዜያዊ ማስቀመጫ ነው። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። ኪት የሚባለው ደግሞ ፋብሪካው ሁለት ወይም አራት ፍሬ ራሞችን አንድ ላይ ፈትኖ በአንድ ማሸጊያ የሚሸጠው ነው። ዋናው ቁም ነገር «አንድ ላይ ፈትኖ» የሚለው ነው። እነዚህ በሬዎች ከጥጃነታቸው አብረው ተጠምደዋል።

ታዲያ ያንኑ ኪት ደግሞ ብንገዛስ? ሞዴሉም ስሙም አንድ ቢሆንስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ራም የሚሸጡ ድርጅቶች አብዛኞቹ ቺፑን ራሳቸው አይሠሩትም። ከሦስቱ አምራቾች ገዝተው ሰሌዳው ላይ ያሰፍሩታል። ባለፈው ዓመት ሳምሰንግ የነበረበት ሞዴል ዘንድሮ በዚያው ስም፣ በዚያው ቀለም ማይክሮን ሊሆን ይችላል። የኮርሴር ራም ላይ ከሞዴሉ ሥር የሚጻፈው «ቨርዥን» ቁጥር ይህንን ለመለየት ይጠቅማል። ሞዴሉ አንድ፣ ቨርዥኑ ሌላ ከሆነ ውስጡ ሌላ ነው።

እያንዳንዱ ፍሬ ላይ ኤስፒዲ የሚባል ትንሽ ቺፕ አለ። የራሙ መታወቂያ ወረቀት እንበለው። ፍጥነቱ፣ ቮልቴጁ፣ ስንት ስንት ጊዜ መጠበቅ እንዳለበት ተጽፎበታል። ኮምፒውተሩ ሲበራ ባዮስ፣ ማለትም ማሽኑን ከዊንዶውስ በፊት የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ይህንን ያነባል። አንዳንድ ራሞች ደግሞ ሁለተኛ መታወቂያ አላቸው። ኢንቴል ኤክስኤምፒ ይለዋል፤ ኤኤምዲ ኤክስፖ ይለዋል። ይህ ሁለተኛው ከመደበኛው ልክ በላይ የሚያስሮጥ መመሪያ ነው። ዲዲአር4 የሚባለው የራም ትውልድ በመደበኛ 1.2 ቮልት ይሠራል። ኤክስኤምፒ ሲከፈት ብዙውን ጊዜ 1.35 ቮልት ይሆናል።

አንድ ነገር ጎላ ብሎ ይታወቅ። ሳጥኑ ላይ ፍጥነቱ 3200 ተብሎ የተጻፈ የዴስክቶፕ ራም ኤክስኤምፒ ካልበራ 2133 ወይም 2400 ላይ መሮጡ የተለመደ ነው። 3200 የሚለው ቁጥር አብሮ የተፈተነው ጥንድ የሚደርስበት ነው። ከባዕድ ራም ጋር ሲጣመር ያ ቃል አይሠራም።

ቀንበሩ ላይ የሚሆነው

ራሙን የሚነዳው ክፍል ያለው በዘመናዊ ማሽኖች ሲፒዩው፣ ማለትም ዋናው አስሊ ቺፕ ውስጥ ነው፤ ሜሞሪ ኮንትሮለር ይባላል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኮንትሮለሩ ራሞቹን ያላምዳል። ምልክት ይልካል፣ መልሱ መቼ እንደሚመጣ ይለካል፣ ያስተካክላል። በእንግሊዝኛ አፍ ትሬኒንግ ይሉታል። ዲዲአር5 ላይ ራም ከተቀየረ በኋላ የመጀመሪያው ማስነሻ ጥቂት ደቂቃዎች ጥቁር ስክሪን ሊያሳይ የሚችለው ለዚህ ነው። በዚህ መሀል ተደናግጦ የሚያጠፋ ብዙ ነው። ማሽኑ እየሠራ ነበር።

የሚለካው ጊዜ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ በቁጥር እንየው። 3200 ላይ የሚሮጥ ሲኤል16 ራም (ሲኤል የመጠበቂያው ቁጥር ነው) አንድ መረጃ ተጠይቆ መስጠት እስኪጀምር 10 ናኖ ሰከንድ ይፈጅበታል። 2666 ላይ የሚሮጥ ሲኤል19 ራም 14.25 ናኖ ሰከንድ ይፈልጋል። ናኖ ሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው። ባዮስ የፈጣኑን መመሪያ ለሁለቱም ካወጀ፣ ዝግተኛው ገና ሳያዘጋጅ አምጣ ይባላል። ያልበሰለውን ያቀርባል። ሁልጊዜ አይሳሳትም። ከብዙ ሚሊዮን ጊዜ አንዴ ነው የሚሳሳተው። ችግሩን ተንኮለኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ዊንዶውስ ይነሳል፣ ዎርድ ይከፈታል፣ ዩቲዩብ ይሠራል። ማሽኑ ጫና ውስጥ ሲገባ ግን ያ አንድ ስህተት ይደርሳል።

ሌላም አለ። ራም መረጃ የሚይዝባቸው ጥቃቅን ክፍሎች እንደሚያፈስ እንስራ ናቸው። ዲዲአር4 ላይ በየ64 ሚሊ ሰከንዱ መልሰው ካልተሞሉ ይረሳሉ። በሚሞሉበት ጊዜ ራሙ ሌላ ሥራ አይቀበልም። ይህ የመሙያ ጊዜ እንደ ቺፑ መጠን ይለያያል። በዲዲአር4 መደበኛ ስሌት 8 ጊጋቢት (ማለትም 1 ጂቢ) የሆነ ቺፕ 350 ናኖ ሰከንድ፣ 16 ጊጋቢት የሆነ ቺፕ ደግሞ 550 ናኖ ሰከንድ ይሰጠዋል። ሁለት ባለ 8 ጂቢ ራሞች በውጭ አንድ ሆነው በውስጥ ይህን ያህል ሊራራቁ ይችላሉ። ይህንን ለማየት መሣሪያም አያስፈልግም። ራሙን አውጥተው ጥቁሮቹን ቺፖች ይቁጠሩ። አንዱ ስምንት፣ ሌላው አራት ብቻ ካለው፣ የአራቱ እያንዳንዱ ቺፕ እጥፍ መጠን ያለው ነው። ተለጣፊው ላይም «1አር×8» እና «1አር×16» የሚለው ጽሑፍ ይህንኑ ይናገራል። በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፤ ከጂቢው ቀጥሎ ይገኛል።

የፍሬው ብዛትም ጫና ነው። አራት ፍሬ መንዳት ሁለት ፍሬ ከመንዳት ይከብዳል፤ ኪት ቢሆንም ባይሆንም። ኤኤምዲ ለራይዘን 7000 ሲፒዩዎቹ ያወጣው ልክ ይህንን በግልጽ ያሳያል። በሁለት ፍሬ ዲዲአር5 እስከ 5200 ይደግፋል። በአራት ፍሬ ወደ 3600 ይወርዳል። እንግዲህ አንድ ሰው 6000 የሚል ኪት ይዞ ሌላ 6000 ጨምሮበት ማሽኑ ሲወድቅበት፣ ሻጩ አጭበረበረኝ ማለቱ ትክክል አይሆንም። ሲፒዩው ቀድሞውኑ ያንን ቃል አልገባለትም።

መብራት ነው ወይስ ራም?

በእኛ አገር ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። የመብራት መዋዠቅ ኮምፒውተር ያጠፋል። ስታቢላይዘር የሌለበት ዴስክቶፕ በየጊዜው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሁለቱ ችግሮች መልካቸው ይለያያል።

ከፓወር የመጣ ችግር ብዙውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ማጥፋት ነው። ስክሪኑ ምንም ሳይል ይጠቁራል። አጠገቡ ያለው ማራገቢያ ወይም አምፖልም ብልጭ ብሎ ሊሆን ይችላል። ከሙቀት የመጣም በአብዛኛው እንደዚያው ነው፤ ማሽኑ ሲግል ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። ከራም የመጣው ግን ጽሑፍ ትቶ ይሄዳል። ዛሬ ሰማያዊው ስክሪን ላይ «ሜሞሪ ማኔጅመንት» ይላል። ነገ «ፔጅ ፎልት» ይላል። ከነገ ወዲያ አንድ የድራይቨር ስም ጠርቶ እሱን ይከሳል። ምክንያቱ በየቀኑ መለዋወጡ ራሱ ምልክት ነው። አንድ ድራይቨር ብቻ ቢሆን ኖሮ ያው አንድ ስም ይደጋገም ነበር።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። የወረደ ዚፕ ፋይል ሲፈታ ስህተት ይላል፤ ደግመው ሲሞክሩት ይፈታል። ብራውዘሩ ታብ ይዘጋል። ዊንዶውስ ሲጫን መሀል ላይ ፋይል ጠፋ ብሎ ይቆማል። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ማጣራቱ ቀላል ነው። ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ ማሠራት ነው። በባትሪም ሰማያዊው ስክሪን ከመጣ መብራት ኃይልን ነፃ ማውጣት ይቻላል።

የፎርማትን ነገር ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል። በኔ ግምት ገንዘብ የሚያስወጣው ትልቁ ስህተት እዚህ ነው። ራሙ እየተሳሳተ ባለበት ማሽን ላይ ዊንዶውስ ሲጫን፣ የሚጫነው ፋይል ሁሉ በዚያው በሚሳሳተው ራም በኩል ያልፋል። ስለዚህ አዲሱ ዊንዶውስ ገና ሲወለድ የተበላሸ ፋይል ይዞ ሊወለድ ይችላል። ከዚያ ራሙ ቢነቀልም ማሽኑ መውደቁን ይቀጥላል። «ራሙንም አውጥተን አየነው፣ ራም አይደለም» የሚል የተሳሳተ ፍርድ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ፎርማት መጨረሻ ላይ እንጂ መጀመሪያ ላይ አይመጣም።

ጥፋተኛውን መለየት

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሐዋሳ ውስጥ አቱቴ አካባቢ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ቤት አለ እንበል። ዴስክቶፑ ሁለት ባለ 8 ጂቢ ኪት አለው፤ 3200፣ ሲኤል16፣ ኤክስኤምፒው በርቷል። ሥራ ሲበዛ ሌላ ሁለት ባለ 8 ጂቢ ተጨመረ፤ 2666 የሆነ ርካሽ። ማሽኑ 32 ጂቢ አሳየ። አጫጭር ቪዲዮዎች ያለ ችግር ወጡ። ሐይቁ ዳር የተቀረጸው የሁለት ሰዓት ሰርግ ግን ሬንደር ሲደረግ፣ ማለትም ተቀናብሮ ወደ አንድ ፋይል ሲወጣ፣ 70 ፐርሰንት አካባቢ ይወድቃል። ሁለተኛ ሲሞከር 40 ላይ። ሦስተኛ ሲሞከር 90 ላይ።

መጀመሪያ የሚደረገው ምንም አለመንቀል ነው። ባዮስ ውስጥ ገብቶ ኤክስኤምፒውን ማጥፋት። ራሞቹ ሁሉ ወደ መደበኛው ልክ ይወርዳሉ፤ በዚህ ማሽን ወደ 2133 አካባቢ። ሬንደሩ አሁን ካለፈ ግማሹ ታሪክ ተፈቷል። የተበላሸ ዕቃ የለም ማለት ነው፤ የተበላሸ ትእዛዝ ነው የነበረው። ባዮስ የፈጣኖቹን መመሪያ ለዝግተኞቹም አውጆ ነበር።

በመደበኛው ልክም ከወደቀ ያኔ መለየት ይጀመራል። ማሽኑ ይጠፋል፣ ገመዱ ይነቀላል፣ እጅ የኬዙን ብረት ይነካል። ከዚያ አንድ ፍሬ ብቻ ይቀራል። አራት ስሎት (የራም መሰኪያ) ባለው ማዘርቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ከሲፒዩው ሲቆጠር ሁለተኛው ስሎት ይመረጣል፤ የማዘርቦርዱ መመሪያ ይነግራል። አራቱም ፍሬዎች ተራ በተራ በዚያው በአንዱ ስሎት ይፈተናሉ። ስሎቱን እየቀያየሩ መሞከር ግን ማንን እንደፈተኑ እንዳያውቁ ያደርጋል። ፍሬዎቹ ላይ በፕላስተር 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ መጻፍ የልጅ ሥራ ይመስላል። አራቱም ጥቁር ሆነው ጠረጴዛ ላይ ሲቀላቀሉ ግን ጥቅሙ ይታያል።

መፈተኛው ሜምቴስት86 ነው። በፍላሽ ተጭኖ ከዊንዶውስ ውጭ ይነሳል። ነፃው ቅጂ አራት ዙር ይሠራል። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሜሞሪ ዲያግኖስቲክም አለ፤ እሱ ግን ላላ ያለ ነው። ስህተት ካገኘ እመኑት። «ምንም የለም» ካለ ግን አትደምድሙ። ሜምቴስቱ ላይ አንድ ቀይ መስመር እንኳ ብዙ ነው። «አንድ ስህተት ብቻ ናት፣ ግዴለም» የሚባል ነገር ራም ላይ የለም።

እዚህ ጋ መብራት እንደገና ይመጣል። 32 ጂቢ በአራት ዙር ለመፈተን ሰዓታት ይፈጃል። መብራት ከጠፋ ፈተናው ከዜሮ ይጀምራል። ትንሽ ዩፒኤስ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚይዘው። ስለዚህ የሐዋሳ ቴክኒሻን ማታ ለቆ የሄደው ማሽን ጠዋት የዊንዶውስን ስክሪን አሳይቶ ቢጠብቀው «አለፈ» ማለት አይችልም። አልፎ ነው ወይስ መብራት ሄዶ ተመልሶ? የመጨረሻውን ውጤት በዓይኑ ማየት አለበት። አንድ በአንድ መፈተን አጭር ስለሆነም ይመረጣል፤ 8 ጂቢ ከ32 ይልቅ ቶሎ ያልቃል።

ውጤቱ ወደ ጥቂት መንገዶች ይከፈላል። አንዱ ፍሬ ብቻውን ከወደቀ እሱ በእውነት ተበላሽቷል፤ ይመለስ። አንድ ስሎት ላይ የገባ ሁሉ የሚወድቅ ከሆነ ስሎቱ ወይም ማዘርቦርዱ ነው። ሁሉም ለየብቻ አልፈው አብረው ሲሆኑ ከወደቁ፣ መቀናጆው አልሠራም። ይህ ሦስተኛው ነው በየሱቁ ክርክር የሚያስነሳው። ሁለቱም ወገን ማስረጃ አለውና።

በሦስተኛው ጉዳይ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። ለቪዲዮ ቤቱ ማሽን ባዮስ ውስጥ ፍጥነቱን በእጅ 2666 ማድረግና የመጠበቂያውን ጊዜ እንደ ዝግተኛው 19 ላይ ማላላት ይቻላል። ካለፈ እዚያው ይተዋል። ካላለፈ አንድ ደረጃ ይወርዳል። ቮልቴጅ መጨመር የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው፤ በጭፍን አይነካም። የባዮስ አፕዴትም አንዳንዴ ነገሩን ይፈታዋል፤ አምራቾች የማላመጃውን ዘዴ በየጊዜው ስለሚያሻሽሉ። እሱ ግን ዩፒኤስ በሌለበት፣ መብራት በሚመጣና በሚሄድበት ሰዓት አይሞከርም። መሀል ላይ ከጠፋ ማዘርቦርዱ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ላጲሱ ለምን ይሠራል?

ራሙን ነቅሎ ወርቃማውን ጥርስ በላጲስ አሽቶ መመለስ የታወቀ ዘዴ ነው። ብዙ ጊዜም ይሠራል። ለዚህ ነው የሚታመነው። ጥርሱ ላይ ቆሻሻ ወይም ዝገት ካለ በእርግጥ ይጠርጋል። ብናኙን ጠርጎ ማውጣት እንጂ ስሎቱ ውስጥ መተው የለበትም።

ግን ብዙዎች የማያዩት ሌላ ምክንያትም አለ። ራም ተነቅሎ ሲመለስ ብዙ ማሽኖች ማላመዱን እንደገና ይጀምራሉ። በዚህኛው ጊዜ ትንሽ የተሻለ ልክ ላይ ሊያርፉ ይችላሉ። የተቀላቀለው ራም ለአንድ ሳምንት ደህና ይሆናል። ቴክኒሻኑ ላጲሱን ያመሰግናል። ከዚያ ቀኑ ይሞቃል፣ ሥራው ይከብዳል፣ ሰማያዊው ስክሪን ይመለሳል። በሁለት ወር ሦስት ጊዜ በላጲስ የታሸ ራም ካለ ጥያቄው ከቆሻሻ ወጥቷል።

ክርክሩ

ራም አምራቾች ኪት አትቀላቅሉ ይላሉ። በዚህ ቃላቸው ውስጥ የንግድ ጥቅም አለበት፤ አዲስ ጥንድ ቢሸጡ ይወዳሉ። ቴክኒሻኖች በበኩላቸው ስንቱን ቀላቅለን ለዓመታት ሠርቷል ይላሉ። እነሱም አልዋሹም። ልዩነቱ የሚያወሩት ስለተለያየ ማሽን መሆኑ ነው።

ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕና አብዛኛው ላፕቶፕ ኤክስኤምፒ አይነካም። ራሙ በመደበኛ ቮልቴጅና በመደበኛ ፍጥነት ነው የሚሮጠው። 3200 እና 2666 ቢገናኙ ሁለቱም 2666 ላይ ይስማማሉ። እዚያ መቀላቀል ብዙውን ጊዜ ይሠራል። ለተማሪ ላፕቶፕ 8 ጂቢ ላይ 8 ጂቢ ጨምሮ ትንሽ ፍጥነት ማጣት፣ ራም ሞልቶ ዲስክ ላይ ከመሳብ በብዙ ይሻላል። መጠኑ እኩል ባይሆንም ይቻላል። 8 እና 4 ሲገናኙ 8 ጂቢው በሁለት መስመር፣ የቀረው 4 በአንድ መስመር ይሠራል። ለእንደዚህ ያለ ማሽን «በፍጹም አትቀላቅሉ» ማለት ሰውን ያለ ምክንያት ማስወጣት ነው።

የጌም ማሽን፣ የቪዲዮ ማሽን፣ አራት ፍሬ ዲዲአር5 የተሸከመ ማሽን ግን ሌላ ነው። እነዚህ ከመደበኛው በላይ ነው የሚሮጡት። የቀራቸው ህዳግ ትንሽ ነው። እዚያ አምራቹ ያለው ይሻላል። አቅም ከፈቀደ የድሮውን ኪት ሸጦ ትልቅ ጥንድ መግዛት ነው። ያገለገለ ራም ገዢ አያጣም፤ በተለይ በዚህ ዋጋ።

አሮጌ ላፕቶፖች ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት ይሠራል። ዲዲአር3ኤል በ1.35 ይሠራል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ስሎት ውስጥ ይገባሉ። 1.35 ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ ላይ የ1.5ቱን ቢሰኩ ጭራሽ አይነሳ ይሆናል። ቮልቴጁ ተለጣፊው ላይ አለ። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ግን ጥርሱ መሀል ያለው ቁርጥ ቦታው ስለሚለያይ ሊቀላቀሉ አይችሉም። በጉልበት ካልሆነ፤ ያኔ ደግሞ ስሎቱ ይሰበራል።

ዝም ብሎ ቢተውስ?

በቀን አንዴ ሪስታርት ቢያደርግ ምን ችግር አለው የሚል አለ። ሰማያዊው ስክሪን በእርግጥ ከጉዳቱ ቀላሉ ነው። ቢያንስ ጮሆ ነው የሚወድቀው። የሚያስፈራው ሳይወድቅ የሚሳሳተው ነው። አንድ ቢት ዜሮ መሆን ሲገባው አንድ ይሆናል። ያ ቢት የዊንዶውስ ፋይል ላይ ካረፈ ማሽኑ ይወድቃል። ፎቶ ላይ ካረፈ አንድ ነጥብ ቀለም ይቀይራል። ኤክሴል ላይ ካረፈ ደግሞ 1,000 የነበረው ሌላ ቁጥር ይሆንና ሴቭ ይደረጋል። ባክአፕ ቢያዝም የተበላሸው ነው የሚያዘው። ሰርቨሮች ኢሲሲ የሚባል ስህተቱን ራሱ የሚያርም ራም የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። የቤትና የቢሮ ማሽን ግን አብዛኛው ይህ የለውም።

ስለዚህ ማሽኑ ከተረጋጋ በኋላ በችግሩ ወቅት የተሠሩ ፋይሎችን መለስ ብሎ ማየት ይገባል። ዊንዶውሱንም ማስጠገን። ኤስኤፍሲ የሚባለው ትእዛዝ የተበላሹ የሲስተም ፋይሎችን ይፈትሻል። ያ ካልበቃ፣ ፎርማት ተራው የደረሰው አሁን ነው።

ከመግዛት በፊት የሚደረገው ደግሞ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ያለውን ራም ነቅሎ ሁለቱንም ፊቱን ከነተለጣፊው በስልክ ፎቶ ማንሳት። ሻጩ ጋ ሲደርሱ ፎቶውን ማሳየት፤ ጂቢውን፣ ፍጥነቱን፣ «1አር» የሚለውንና ቮልቴጁን ማመሳከር። የዴስክቶፕ ተለጣፊ ላይ «25600» የሚል ቁጥር ካዩ አይደንግጡ፤ 3200 ማለት ነው፣ በ8 ተባዝቶ ነው የተጻፈው። ከዚያ ስለ ዋጋ ከመከራከር በፊት አንድ ነገር መጠየቅ፦ «ለየብቻው ሠርቶ ከኔው ጋር አልሠራም ካለ ትቀይርልኛለህ?» ብዙ ሻጭ «ከተበላሸ እቀይራለሁ» ይላል። ያ ሌላ መልስ ነው። ስንት ቀን እንደሆነ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ያስጽፉት።